ማቴዎስ ወዴት ሄደ? ስለ ገድለ ሐዋርያትና ስለ ሮማይስጥ አቻው አጭር ጥናት



ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አራት የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ወደ እነዋሪ ሄደን ነበር። ከአራታችን ሁለቱ የሞረትና ጅሩ ልጆች ስለሆኑ ማረፊያና ስንቅ አላስቸገረንም፤ ያስቸገረን መንገዱ ነው። የጅሩ መሬት በሐምሌ ምን እንደሚመስል ያየው ያውቀዋል። ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲጠጣ የእግረኛውን ጫማ ያስወልቃል፤ ከመንደር ተነሥቶ ወደ ደብር መድረስም ራሱን የቻለ ገድል ነው።

የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል በሚከበርበት በሐምሌ 5 ቀን በአንድ የገጠር ደብር ተገኝተን ቅዳሴው ካለቀ በኋላ አንድ አረጋዊ መርጌታ ከማኅደሩ ውስጥ አንድ ወፍራም የብራና መጽሐፍ አውጥተው አሳዩን። መጽሐፉ ገድለ ሐዋርያት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ትናንት የተጻፉ ይመስላሉ፤ የመጨረሻዎቹ ግን ከጣራው የወረደ ውሃ ነክቷቸው ቀለሙ ፈስሷል፤ የቀዩም የጥቁሩም ቀለም ተደባልቆ አንድ ሆኗል።

የኔታ መጽሐፉን በጉልበታቸው ላይ አድርገው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ልጆቼ፣ እናንተ የፈረንጁን ትምህርት ትማራላችሁ። ፈረንጆቹም የሐዋርያት ገድል አላቸው ይባላል። ለመሆኑ በእነርሱ መጽሐፍ ማቴዎስ ወዴት ሄደ? ማንስ ገደለው?» ከአራታችን አንድም የመለሰ የለም። አንዱ ጓደኛችን ግን ኀፍረቱን ለመሸፈን ብሎ በዝቅተኛ ድምፅ «ይህ ሁሉ ተረት ነው» አለን። የኔታ ጆሯቸው ደኅና ነውና ሰሙት። አልተቆጡም፤ «ተረትም ቢሆን ማን እንደ ተረተው፣ ለምንስ እንደ ተረተው ማወቅ የተማሪ ፋንታ ነው» አሉን።

ይህ ጽሑፍ ለየኔታ ያልመለስነው መልስ ነው። ከዚያ ወዲህ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጠን ያገኘነውን እነሆ ለባልንጀሮቻችን በአጭሩ እናቀርባለን።

1ኛ. ስለ ስሙ

አስቀድሞ ስለ ስም እንነጋገር። በኤውሮፓ ቋንቋዎች እንዲህ ያሉት መጻሕፍት «አፖክሪፋ» ይባላሉ። ቃሉ የጽርእ ሲሆን ትርጉሙ የተሸሸገ፣ የተሰወረ ማለት ነው። በኋላ ግን ቃሉ መልኩን ለውጦ የሐሰት መጽሐፍ፣ የማይታመን መጽሐፍ የሚል ወቀሳ ሆነ።

በእኛ አገር ያለው ስያሜ ከዚህ የተለየ ነው። ሊቃውንቱ 81ዱን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ለይተው ካስቀመጡ በኋላ ገድሉን፣ ድርሳኑን፣ ተአምሩን «አዋልድ» ብለው ይጠሩታል። አዋልድ ማለት ሴቶች ልጆች ማለት ነው። ይኸውም ከእናቲቱ መጽሐፍ የተወለዱ፣ እርስዋን የሚመስሉ፣ ነገር ግን እርስዋን ያልሆኑ ማለት ነው። አንዱ ስያሜ መጽሐፉን ከቤት ውጭ ያቆመዋል፤ ሌላው ግን በቤት ውስጥ ቦታ ይሰጠዋል። ተማሪ የሆነ ሰው በአፉ የሚይዘው ስም አስቀድሞ እንደሚፈርድለት ማስተዋል ይገባዋል እንላለን።

2ኛ. ገድለ ሐዋርያት ከየት መጣ?

የሐዋርያትን ጉዞና ሞት የሚተርኩት ጥንታውያን ጽሑፎች መጀመሪያ የተጻፉት ከ2ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሲሆን ቋንቋቸውም በብዛት ጽርእ ነበር፤ የቶማስን ገድል ግን ብዙ ሊቃውንት በሱርስት እንደ ተጻፈ ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ ታሪኩ በሁለት መንገድ ተጓዘ። አንደኛው መንገድ ወደ ምዕራብ ሄዶ በሮማይስጥ ተጻፈ። ሁለተኛው ወደ ግብጽ ወርዶ በቅብጥ ቋንቋ ተተረጎመ፣ ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ ተመለሰ፤ በመካከለኛው ዘመን ደግሞ ከዐረብኛው ወደ ግእዝ ተተረጎመና ገድለ ሐዋርያት ተባለ። የእኛ መጽሐፍ ስለዚህ የግብጽ መንገድ ልጅ ነው።

የግእዙን ንባብ በኅትመት ያወጣው እንግሊዛዊው ዋሊስ ባጅ ነው። እርሱም ንባቡን እ.ኤ.አ. በ1899፣ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን እ.ኤ.አ. በ1901 አሳተመ። የተጠቀመባቸው ቅጂዎች በብሪቲሽ ሙዚየም የነበሩ፣ በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት ክምችት ናቸው። እንግዲህ የዓለም ሊቃውንት ገድለ ሐዋርያትን ያወቁት ከአገሩ በወጣው ቅጂ አማካይነት ነው ማለት ነው።

3ኛ. የሮማይስጡ ስብስብ

በምዕራብም ተመሳሳይ መጽሐፍ አለ። ከ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በፍራንኮችና በጀርመኖች አገር የነበሩ መነኮሳት የእያንዳንዱን ሐዋርያ ገድል በየተራ አሰባስበው በአንድ ጥራዝ ይገለብጡ ጀመር። ስብስቡ በሮማይስጥ «ቪርቱተስ አፖስቶሎሩም» ይባላል፤ የሐዋርያት ተአምራት እንደ ማለት ነው። እነርሱም እንደ እኛ በብራና ላይ ይጽፉ ነበር፤ እነርሱም እንደ እኛ የየሐዋርያውን ገድል በየበዓሉ ቀን ያነቡት ነበር።

ስብስቡ በማተሚያ ቤት ሲታተም አንድ አስገራሚ ነገር ሆነ። ፍሪድሪኽ ናውዜአ እ.ኤ.አ. በ1531 በኮሎኝ፣ ቮልፍጋንግ ላጽዩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1552 በባዝል አሳተሙት። ላጽዩስ የደራሲውን ስም «አብድያስ የባቢሎን ኤጲስ ቆጶስ» ብሎ አወጣው። በመጽሐፉ መቅድም እንደሚነበበው፣ አብድያስ የሐዋርያት ደቀ መዝሙር ሆኖ በዕብራይስጥ ጻፈ፣ አውትሮጵዮስ ወደ ጽርእ ተረጎመው፣ አፍሪካኖስም በ10 መጻሕፍት ከፍሎ ወደ ሮማይስጥ መለሰው ይላል። ሊቃውንት ጉዳዩን ሲመረምሩት ግን ይህ ሁሉ ትክክል ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ዛሬ መጽሐፉ «ሐሰተኛ አብድያስ» በሚል ስም ይጠራል። አንድን መጽሐፍ ክብር እንዲያገኝ ብሎ ለጥንት ሰው መስጠት በሮማ ግዛት ብቻ የተደረገ አይደለም፤ በምሥራቅም በእኛም ዘንድ የታወቀ ልማድ ነው።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በ6ኛው መቶ ዓመት እንደ ተጻፈ የሚታመንና በሊቀ ጳጳሳት ገላስዮስ ስም የሚጠራ አንድ ዝርዝር የእንድርያስን፣ የቶማስን፣ የጴጥሮስንና የፊልጶስን ገድል የማይነበቡ መጻሕፍት ብሎ አውግዟል። መነኮሳቱ ግን መጽሐፉን አልጣሉትም። በዚያው መቶ ዓመት የቱር ከተማ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ጎርጎርዮስ አንድ የእንድርያስ ተአምር መጽሐፍ አገኘ፤ አንዳንዶች ንግግሩ ስለ በዛ አፖክሪፋ እንደሚሉት ዐወቀ፤ ስለዚህ ረጅሙን ንግግር አስቀርቶ ተአምራቱን ብቻ መርጦ ጻፈ። መጽሐፉ ከእሳት የዳነው በማጠር ነው ማለት ይቻላል።

4ኛ. ማቴዎስ በኢትዮጵያ

አሁን ወደ የኔታ ጥያቄ እንመለስ። የሮማይስጡ መጽሐፍ ማቴዎስን የላከው ወደ ኢትዮጵያ ነው!

ታሪኩ እንዲህ ነው። ማቴዎስ ናዳቬር ወደምትባል የኢትዮጵያ ከተማ ገባ። በዚያም ዛሮዌስና አርፋክሳት የሚባሉ ሁለት አስማተኞች ሕዝቡን ያሳስቱ ነበር። ማቴዎስን በቤቱ የተቀበለው ያ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናውቀው፣ ፊልጶስ ያጠመቀው የህንደኬ ጃንደረባ ነው። ጃንደረባው አንድ ዕብራዊ የኢትዮጵያን ቋንቋ እንዴት እንደ ቻለ እየተደነቀ ሲጠይቀው ማቴዎስ የባቢሎንን ግንብና የጰራቅሊጦስን ዕለት ነገረው። አስማተኞቹ ሁለት ዘንዶዎች ይዘው መጡ፤ ሐዋርያው አስተኛቸው። የንጉሡ ልጅ ሞተ፤ ሐዋርያው አስነሣው። ንጉሡ ኤግሊጶስም ከነቤተ ሰቡ ተጠመቀ፤ ሴት ልጁ ኤፊጌንያ ደግሞ በድንግልና ለመኖር ራስዋን ለእግዚአብሔር ሰጠች።

ኤግሊጶስ ሲሞት ሂርታኩስ ነገሠና ኤፊጌንያን ማግባት ፈለገ። ማቴዎስ እንዲያግባባለት ለመነው። ሐዋርያው በቤተ ክርስቲያን ሕዝብ በተሰበሰበበት ስለ ጋብቻ መልካምነት አስተማረ፤ ሂርታኩስም ደስ አለው። ነገር ግን ሐዋርያው ትምህርቱን ሲያጠቃልል፣ አንድ አሽከር የንጉሥን ሙሽራ ቢወስድ ቅጣት እንደሚገባው ሁሉ የሰማያዊውን ንጉሥ ሙሽራ የሚመኝም እንዲሁ ነው አለ። ንጉሡ ተቆጥቶ ወጣ፤ ገዳይም ላከ። ማቴዎስ በመሠዊያው ፊት እጁን ዘርግቶ ሲጸልይ ከኋላው በሰይፍ ተወጋ።

በ13ኛው መቶ ዓመት ያዕቆብ ዘቮራጊኔ የተባለው ጣሊያናዊ ይህን ታሪክ በሰፊው በተነበበው የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ አስገባው። ሠዓሊው ካራቫጆም እ.ኤ.አ. በ1600 በሮማ ለሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን በሣለው ሥዕል የማቴዎስን ሞት አሳየ። እስከ ዛሬ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሥዕሉን የሚያይ እንግዳ ሁሉ የሚመለከተው በኢትዮጵያ ንጉሥ ትእዛዝ የተፈጸመ ነው የተባለውን ግድያ ነው። እኛ ግን አናውቀውም ነበር።

የእኛው ገድለ ሐዋርያት ማቴዎስን የሚልከው ወደ ሌላ ስፍራ ነው፤ ሀገረ ካህናት ወደምትባል ከተማ። በመንገድ አንድ ወጣት ተገልጦለት፣ ራሱን ካልተላጨና የዘንባባ ዝንጣፊ ካልያዘ ወደ ከተማዪቱ እንደማይገባ ነገረው፤ ወጣቱ ጌታ ራሱ ነበር። ማቴዎስ የአጵሎን ጣዖት ካህን የሆነውን አርሚስን አሳመነ፤ የአገሩ ንጉሥ በእሳት ሊያጠፋቸው ሞከረ፤ በመጨረሻ የንጉሡ ልጅ ሞቶ በሐዋርያው ጸሎት ተነሣ። በዓሉም ጥቅምት 12 ቀን ነው።

አንባቢ ሁለቱን ያስተያይ። የጣዖቱ አገልጋይ፣ የሞተው የንጉሥ ልጅ፣ የሰይፉ ሞት በሁለቱም አለ። ኢትዮጵያ የምትባለው አገር ግን በአንደኛው ብቻ አለች፤ እርሱም የኢትዮጵያውያን መጽሐፍ አይደለም።

ይህ ለምን ሆነ? አንደኛው ምክንያት ከፍ ብለን የጠቀስነው ነው፤ መጽሐፋችን በግብጽ መንገድ መጥቷልና የግብጾችን ሥርዓት ይዟል። ሁለተኛው ምክንያት ሩፊኖስ ነው። ይህ ሰው በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሐዋርያት ዓለምን በዕጣ ሲካፈሉ ኢትዮጵያ ለማቴዎስ፣ ጳርቴ ለቶማስ፣ ቅርቢቱ ህንድ ለበርተሎሜዎስ እንደ ደረሰች ተናገረ። የሚያስደንቀው ግን፣ የእኛን የፍሬምናጦስን፣ ማለት የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ታሪክ የተረከው ይኸው ሩፊኖስ በዚያው ስፍራ መሆኑ ነው፤ የፍሬምናጦስን አገር ግን «ህንድ» ይላታል እንጂ ኢትዮጵያ አይላትም። በዚያ ዘመን ለጽርእና ለሮማ ጸሐፊዎች ኢትዮጵያ የሚለው ስም በይበልጥ ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን የኖባንና የመርዌን አገር ያመለክት ነበር። እንግዲህ የሮማይስጡ «ኢትዮጵያ» አክሱም ናት ብሎ መቸኰል አይገባም። ናዳቬር የሚባል ከተማ፣ ኤግሊጶስ ወይም ሂርታኩስ የሚባል ንጉሥ በአክሱም ሐውልትም ሆነ ገንዘብ ላይ አልተገኘም።

5ኛ. ቆዳው የተገፈፈው ማን ነው?

አንድ ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በኤውሮፓ ሥዕል ቆዳውን በእጁ ይዞ የሚታየው ሐዋርያ በርተሎሜዎስ ነው። ሚኬላንጄሎ በሮማ በሲስቲን ጸሎት ቤት በሣለው የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል እንዲሁ ይታያል። በእኛ መጽሐፍ ግን ቆዳው የተገፈፈው ቶማስ ነው። በርተሎሜዎስ አሸዋ በሞላበት ከረጢት ተጨምሮ ወደ ባሕር ተጣለ፤ በዓሉም መስከረም 1 ቀን በአዲሱ ዓመት መባቻ ነው።

ቶማስ በሁለቱም መጽሐፍ እንደ ባሪያ ተሽጦ፣ ሕንፃ ዐዋቂ ነኝ ብሎ ወደ ህንድ ይሄዳል። በሮማይስጡ ለግንብ የተሰጠውን የንጉሡን ገንዘብ ለድኾች ያድለውና ቤተ መንግሥቱ በሰማይ ተሠራ ይላል። በግእዙ ደግሞ የሠራው ሕንፃ ያመኑት ሰዎች ነፍስ እንደ ሆነ ይመልሳል፤ ጌታው ሉክዮስም ተቆጥቶ ቆዳውን ያስገፍፈዋል። አንዱ ስለ ምጽዋት፣ ሌላው ስለ ነፍስ ያስተምራል። አንድ ዘር በሁለት መሬት ተዘርቶ ሁለት ዓይነት እሸት ሰጠ።

6ኛ. ታዲያ እውነት ነውን?

ጓደኛችን «ተረት ነው» ያለው ሙሉ በሙሉ ስሕተት አልነበረም። ስለ ማቴዎስ ሕይወት ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም መጽሐፍ ጥሎ ቢሄድ አንፈርድበትም፤ አንድ ሰው በሁለት ስፍራ ሁለት ጊዜ አይሞትምና። ነገር ግን የታሪክ ተማሪ ጥያቄውን መለወጥ አለበት። መጽሐፉ ስለ ሐዋርያው ዝም ቢልም ስለ ገልባጮቹና ስለ አንባቢዎቹ ይናገራል፤ የሚፈሩትን ንጉሥ፣ የሚመኙትን መምህር፣ ሩቅ ነው የሚሉትን አገር ያሳያል።

ከዚህም አልፎ መጽሐፍ ኑሮን ይቀርጻል። በ14ኛው መቶ ዓመት በደብረ ሊባኖሱ በአቡነ ፊልጶስ ዘመን ጳጳሱ አባ ያዕቆብ የሸዋን ምድርና አካባቢውን ለ12 ንቡራነ እድ እንዳከፋፈሉ የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት መጽሐፍ ጽፈዋል። ቁጥሩ 12 የሆነው በከንቱ አይደለም። እዚያው ሞረት ውስጥ ያለው የአቡነ ዜና ማርቆስ ገዳም ደብረ ብሥራት የዚያ ትውልድ መታሰቢያ ነው። ሐዋርያት ዓለምን ተካፈሉ የሚለው ትረካ ቆላና ደጋውን ተካፍለው ለሚሰብኩ የሸዋ መነኮሳት አርአያ ሆኗቸዋል ብለን እናምናለን።

7ኛ. የረጠቡት ቅጠሎች

የጴጥሮስ ገድል በሮማይስጥ ተተርጉሞ፣ በሰሜን ጣሊያን በቬርቼሊ ከተማ በአንድ የብራና ቅጂ ብቻ ተገኝቷል፤ የጽርኡ መነሻ አብዛኛው ጠፍቷል። ያ አንድ ብራና ውሃ ቢነካው ኖሮ ዓለም ይህን ታሪክ ባላወቀ ነበር። የእኛም መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን በግእዝ ብቻ እንደ ተረፈ ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ የገጠር ደብር ቅጂ ለምን ይጠቅማል ለሚል መልሱ ይህ ነው። ደግሞም የገድለ ሐዋርያት ቅጂዎች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ አንዱ የሚጨምረውን ሌላው ይተወዋል፤ የአንዱ ሐዋርያ ገድል በአንዱ ቅጂ አጥሮ በሌላው ረዝሞ ይገኛል።

የሚመሰገን ሥራ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም በሺህ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍት፣ ብዙዎቹም ከሸዋ አብያተ ክርስቲያናት፣ ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። ከእነዚህም አብዛኞቹን በአሜሪካ በሚነሶታ ተቀምጠው በካታሎግ የመዘገቡት በሰሜን ሸዋ በሸንኮራ የተወለዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። አንድ የሸንኮራ ልጅ ይህን ያህል ከሠራ እኛ በመቶ የምንቈጠር የሸዋ ተማሪዎች ምን እንደሠራን እንጠየቃለን።

እኛም በዚያን ቀን መጽሐፉን በስልካችን ፎቶግራፍ ለማንሣት ፈቃድ ጠየቅን። የኔታ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ከእናንተ በፊትም ሰዎች መጥተው አንሥተው ሄደዋል፤ አንዲት ቅጠል ወረቀት ግን አልተመለሰልንም» አሉን። ምንም ማለት አልቻልንም። ቀጥለውም «እንሡ። ግን ሁለት ነገር አምጡልኝ፤ ያነሣችሁትን በወረቀት አድርጋችሁ ለደብሩ፣ የጠየቅኋችሁንም መልስ ለእኔ» አሉን።

ስለዚህ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አነሣን፤ የረጠቡትንም ሁለት ሁለት ጊዜ። አሁን ወረቀቱን ለማሳተም ገንዘብ እያዋጣን ነው፤ የጣራውንም ቆርቆሮ የአካባቢው ተወላጆች እንዲያስቡበት ነግረናቸዋል። ከአንባቢዎቻችን ግእዝ የሚያውቅ ቢኖር ቀለሙ የፈሰሰበትን ክፍል ከባጅ ኅትመት ጋር በማስተያየት ይርዳን። በየአገራችሁ ለዕረፍት ስትሄዱም የደብራችሁን መጻሕፍት ዝርዝር ጻፉ፤ ያያችሁትን መልሳችሁ ለባለ ቤቱ ስጡ።

በጥቅምት 12 በማቴዎስ ቀን ወደ እነዋሪ እንመለሳለን። የኔታ ሲጠይቁን ማቴዎስ በፈረንጆቹ መጽሐፍ ወደ እኛ አገር መጣ እንላቸዋለን። እርሳቸው ደግሞ ቀጥለው ምን እንደሚጠይቁን አናውቅም፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ ባዶ እጃችንን አንሄድም።